ትኩስ ዕቃ የምትችል ሳጥን

ዛሬ የማወጋችሁ ስለ አንዲት የላሜራ ሳጥን ነው። ሳጥን ደግሞ ምን ወግ አላት እንዳትሉኝ፤ እኔም ባለቤቷ ቤቴ መጥተው እስኪሠሩ ድረስ እንደዚያው ነበር የምለው።

ባለቤቷ የሰፈራችን የቧንቧ ሠራተኛ ናቸው፤ ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው። ሙያውን የጀመሩት በብረት ቧንቧ ዘመን፣ በጅራቱቦና በሰጌቶ ነው። አሁን ግን ብዙ አዲስ ቤት ውስጥ የሚገባው ፒፒአር የሚሉት ፕላስቲክ ሆኗል። ፒፒአር ጥርስ አይወጣለትም። የቧንቧው ጫፍና መጋጠሚያው በኤሌክትሪክ ማሽን እኩል ይሞቁና ይሰካሉ፤ ሲበርዱ አንድ አካል ናቸው። ማሽኑ የሚሠራው 260 ዲግሪ ላይ ነው። ለባለ 20 ሚሊዋ ቧንቧ 5 ሰከንድ ማሞቅ ይበቃታል። ጣጣው የሚመጣው ሥራው ካለቀ በኋላ ነው፤ ማሽኑ ከሶኬት ተነቅሎም ቶሎ አይበርድም፣ ውኃ ውስጥ አይነከር ነገር ይበላሻል፣ ቀጣዩ ደንበኛ ደግሞ በስልክ “የት ደረሱ?” እያለ ነው።

የእኔን ወጥ ቤት ሠርተው የጨረሱ ዕለት ጋሼ ቸኮሉ። ማሽኑን በጨርቅ ጠቀለሉና ፕላስቲክ ሳጥናቸው ውስጥ ከተው ወጡ። ደረጃውን ወርደው ሳይጨርሱ ሽታው መጣ። ሳጥኑን ስንከፍተው ወለሉ ቀልጦ፣ ካቻቪቴው እጀታው ድረስ ተጣብቆበታል።

“አይ ርካሽ ዕቃ!” አልኩኝ።

“ማሽኑ ምን በደለ? የተፈጠረበትን ሥራ ነው የሠራው” ብለው ሳቁ።

እውነታቸውን ነው። እንዲህ ዓይነቱ ሳጥን ብዙ ጊዜ የሚሠራው ከፖሊፕሮፒሊን ነው፤ 160 ዲግሪ ግድም ሲደርስ ይቀልጣል፤ ፒፒአርም የዚያው ቤተሰብ ነው። ለካስ ሰውየው ማቅለጫውን የሚሸከሙት በሚቀልጠው ነገር ኖሯል።

ቅዳሜ የላሜራ ሳጥን ልናሠራ ተያይዘን መርካቶ፣ ምናለሽ ተራ ወረድን። የዘይት በርሜል ተቀዶ ምድጃ የሚሆንበትን፣ መዶሻው ጆሮ የሚያደነቁረውን ሠፈር የማያውቅ መቼም የለም። ጋሼ በእጃቸው የያዙት ካርቶን ነው፤ ሌሊቱን በመቀስ ቆርጠው፣ በፕላስተር አጣብቀው ሳጥን አስመስለውታል።

“ፋዘር፣ ቁመትና ጎኑን ይንገሩኝ እንጂ ካርቶን ምን ያደርግልኛል?” አለ የሄድንበት ወጣት በያጅ፣ ጠቆር ያለ መነጽሩን ወደ ግንባሩ እየገፋ።

መልስ አልሰጡትም። ቁጢጥ ብለው ዕቃቸውን አንድ በአንድ ካርቶኑ ውስጥ ደረደሩ። ማሽኑ ልክክ ብሎ ገባ፤ ክዳኑ ግን እምቢ አለ። የኤሌክትሪክ ገመዱ ማሽኑ ሥር በሚወጣበት ቦታ ወዲያው አይታጠፍም፣ አራት ጣት ያህል ቦታ ይፈልጋል። በሜትር ብቻ ለክተው ቢመጡ ኖሮ ይህ የሚታወቀው ላሜራው ከተቆረጠ በኋላ ነበር። በያጁም ከዚያ ወዲያ ስለ ካርቶኑ አልተናገረም።

በውፍረቱ ግን ተከራከሩ። ልጁ 2 ሚሊ ላሜራ “ዕድሜ ልክ ያገለግላል” አለ። አሁን እናስላው፤ 50 በ25 በ30 ሳንቲም የሆነች ሳጥን ከነክዳኗ 0.7 ካሬ ሜትር ላሜራ ትበላለች። በ2 ሚሊ ባዶዋን 11 ኪሎ፣ በ1 ሚሊ አምስት ኪሎ ተኩል ናት። ጋሼ የሚሠሩት ሊፍት በሌለው ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ እየወጡ ነው። ስለዚህ 1 ሚሊ ተባለ።

ቀጭን ላሜራ ደግሞ የራሱ ዓመል አለው። ከረንቱ በዛ ሲል ይበሳል፤ በአንድ ትንፋሽ ዳር እስከ ዳር ከተበየደም ይጣመማል። ልጁ ጎበዝ ነው፤ አካሉን ከአንድ ላሜራ አሳጠፈና ብየዳውን አራቱ ማዕዘን ላይ ብቻ አስቀረው፤ እሱንም አንዴ እዚህ አንዴ እዚያ ነጥብ እያደረገ። ልጁ መጀመሪያ ያቀረበውን ዚንክ ውስጥ የተነከረ ነጭ ላሜራ ጋሼ ራሳቸው ናቸው ያስመለሱት። ዚንኩ ሲቃጠል የሚወጣው ጭስ ማታ እንደ ወባ ያንቀጠቅጣል። ወተት ያሽረዋል የሚሉ በያጆች አሉ። ወተት ሳንባ አይገባም፤ ባይሆን ነፋስ የሚወጣበት ቦታ ቢሠሩ ይሻላል።

የሳጥኗ ቁም ነገር ግን ውስጧ ነው። በአንድ በኩል ማሽኑ በሁለት ቁራጭ አንግል ብረት ላይ ይንጠለጠላል፤ ከየግድግዳው ሦስት ጣት ይርቃል። ከታች ቀዝቃዛ አየር የሚገባበት፣ ከላይ ትኩሱ የሚወጣበት ቀዳዳ በትራፓኖ ተበስቷል። የማሽኑ ራሶች ላይ የተቀባው ቴፍሎን ከተጫረ ፕላስቲኩ ይይዛቸዋል፤ ስለዚህ ከጅራቱቦው ተለይተው የራሳቸው ኪስ ተሠራላቸው።

መጨረሻ ላይ ልጁ ሰማያዊ ቀለም ይዞ መጣ። የማሽኑን ክፍል ውስጡንም ሊቀባው ሲል ጋሼ እጁን ያዙት።

“እሱን ተወው ልጄ፤ ቀለም ሲግል ሰው ቤት ይሸታል።”

“ይዝጋል እኮ ፋዘር!”

“ይዛግ።”

እንግዲህ አድማጮቼ፣ የዕቃ ሳጥን ልታሠሩ የምትሄዱ ካላችሁ ሜትር ብቻ ይዛችሁ አትሂዱ። ዕቃችሁን ከነገመዱ ይዛችሁ ሂዱ።