ስለሚፈላው ድንጋይ
(ለተማሪዎች ማኅበር አባሎች የተደረገ ንግግር)



እኛ የኬሚስትሪ ተማሪዎች ዛሬ የምንናገረው ዜኦላይት ስለሚባል ድንጋይ ነው። ስሙን ያወጣለት ክሮንስቴት የተባለ የስዊድን ሊቅ ነበር። በ1756 እ.ኤ.አ. ድንጋዩን በእሳት ሲያግለው ተንተክትኮ እንፋሎት ሲያወጣ አየና፥ ከግሪክ ቋንቋ ወስዶ «የሚፈላ ድንጋይ» አለው። የፈላው ግን ድንጋዩ አይደለም፤ በውስጡ ባሉት ጥቃቅን ክፍሎች ተይዞ የኖረው ውሃ ነው። ውሃው ከወጣ በኋላም ቤቱ አይፈርስም፤ ባዶውን ቆሞ ሌላ እንግዳ ይጠብቃል። የሚገባውም ሞለኪውል በግድግዳው ላይ ተስቦ ይያዛል።

በሩ ጠባብ ነው። ዜኦላይት ኤ በሚባለው ዓይነት የበሩ ስፋት 0.4 ናኖሜትር ያህል ነው፤ በውስጡ ያለውን ሶዲየም በካልሲየም ብንለውጠው ወደ 0.5 ይሰፋል። ያን ጊዜ ሰንሰለቱ ቀጥ ያለ ሃይድሮካርቦን ይገባል፤ ቅርንጫፍ ያለው ደጅ ይቀራል። እንዲህ ያለ ወንፊት የሠራ ሰፌድ ሰፊ የለም!

ዋናው ነገር ግን ከማገሩ ላይ ነው። ማገሩ ከሲሊኮን፥ ከአሉሚኒየምና ከኦክሲጅን የተዋቀረ ነው። ሲሊኮን 4 አዎንታዊ ሙል ሲኖረው አሉሚኒየም 3 ብቻ አለው። ስለዚህ አሉሚኒየም በሲሊኮን ወንበር በተቀመጠ ቍጥር አንድ ሙል ይጎድላል፤ ማገሩም በዚያ ሥፍራ አሉታዊ ይሆናል። ጉድለቱን ለመሙላት ሶዲየም አጠገቡ ይቆማል፤ ቆመ እንጂ አልታሰረም፤ ስለዚህ በሌላ ይለወጣል። በሶዲየሙ ፈንታ አሞኒየም አስገብተን እስከ 500 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያህል ብናግለው፥ አሞኒያው ጋዝ ሆኖ ይሄድና የሃይድሮጅን አዮን ይቀራል። እነሆ፥ ደረቁ ድንጋይ ጠንካራ አሲድ ሆነ።

«እንግዲያስ አሉሚኒየም በበዛ ቍጥር አሲዱ ይበረታላ» የሚል ጓደኛ አይጠፋም። የአሲዱ ሥፍራዎች ይበዛሉ እንጂ የያንዳንዱ ኃይል ይደክማል፤ የሚበረታው አሉሚኒየሙ ተራርቆ ሲቀመጥ ነው።

ሞቢል የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በ1962 እ.ኤ.አ. ይህን አሲድ ለነዳጅ ማጣሪያ አዋለው። ከባዱን ዘይት ሰባብሮ፥ ከቀድሞው ካታሊስት ይልቅ ብዙ ቤንዚን አስገኘ። ጥቀርሻ ሲደፍነው ጥቀርሻውን አቃጥለው መልሰው ያሠሩታል።

ወደ አገራችን እንምጣ። በስምጥ ሸለቆ በብዙ ሥፍራ ከጉድጓድ የሚቀዳው ውሃ፥ የዓለም የጤና ድርጅት ከወሰነው ከ1.5 ሚሊግራም በሊትር የበለጠ ፍሎራይድ አለው። የልጆች ጥርስ ይበልዛል፤ ዘመን ሲቈጠርም አጥንት ይጎብጣል። ዜኦላይት ደግሞ በአገራችን ምድር ይገኛል። ታዲያ ድንጋዩን ፈጭቶ ውሃውን በላዩ ማሳለፍ አይበቃምን? እኛ አይበቃም እንላለን። ዜኦላይት ሁሉን ያጠራል የሚል ሻጭም ቢመጣ ስለ ሙሉ እንጠይቀው። ፍሎራይድ አሉታዊ ነው፤ ማገሩም አሉታዊ ነው፤ ስለዚህ ይገፋፋሉ። ድንጋዩን አሲድ ያደረገው ያው ጉድለት እዚህ እንቅፋት ይሆናል።

የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲና የስፔን ተመራማሪዎች በኅብረት የሄዱበት መንገድ ይህን ያስተዋለ ነው። ስቲልባይት የሚባለው ያገራችን ዜኦላይት በውስጡ ካልሲየም አለው። ፎስፌት ባለበት ውሃ ሲነከር ካልሲየሙ ወጥቶ ከፎስፌቱ ጋር ይዋሐዳል፤ በድንጋዩም ላይ ሃይድሮክሲአፓታይት የሚባል ስስ ልባስ ይበቅላል። ይህ የአጥንታችን ማዕድን ዘመድ ነው። ፍሎራይዱን የሚይዘው እንግዲህ ልባሱ ነው፤ ድንጋዩ ልባሱን ይሸከማል፥ ካልሲየሙንም ይሰጣል።

አንድ ኪሎ እንዲህ ያለ ድንጋይ ለአንድ ቤተ ሰብ ስንት ቀን ይበቃል? የጠገበውስ የት ይጣላል? ከመምህራኖቻችን ጋር የምንወያየው በነዚህ ላይ ስለ ሆነ፥ አሳብ ያለው ጓደኛ እጁን ያንሣ።