ሥልጣን ለሥራው እንጂ ለሰው አይሰጥም
ስለ መረጃ ቋት ተጠቃሚዎችና ቡድኖች የፈቃድ አመዳደብ ለማኅበሩ አባላት የቀረበ ንግግር



የመሥሪያ ቤት መዝገብ በብረት ሣጥን ይቆለፍ በነበረበት ዘመን ቁልፉ በማን እጅ እንደሚገኝ ለማወቅ ብዙ መድከም አያስፈልግም ነበር። ቁልፉ የሚታይ ዕቃ ነው፤ ሠራተኛው ሲዛወር በርክክብ ይመለሳል፤ ካልተመለሰም መቆለፊያው ይለወጣል። ዛሬ ያው መዝገብ በኮምፒዩተር የመረጃ ቋት ውስጥ ሲገኝ ቁልፉ የማይታይ ሆኗል። በአንድ መስመር ትእዛዝ ይሰጣል፤ ባለቤቱ ሥራውን ቢለቅ ግን በራሱ አይመለስም። የዚህ ንግግር ዓላማም ይህ ቁልፍ ለማንና በምን መጠን ሊሰጥ እንደሚገባ፣ ይልቁንም እንዴት ተመልሶ እንደሚረከቡት ማስረዳት ነው።

መግባትና መፈቀድ

በቅድሚያ ሁለት ነገሮችን መለየት ያስፈልጋል። አንደኛው፣ የመጣው ሰው በእርግጥ እገሌ መሆኑን ማረጋገጥ ነው፤ ይህም በይለፍ ቃል ወይም በሌላ ማስረጃ ይፈጸማል። ሁለተኛው፣ ያ ሰው ከገባ በኋላ በየትኛው ሠንጠረዥ ላይ ምን ማድረግ እንደሚችል መወሰን ነው። የመጀመሪያው የዘበኛ ሥራ ሲሆን ሁለተኛው የግምጃ ቤት ሹም ሥራ ነው። በሩን ያለፈ ሁሉ ማንበብም፣ መጻፍም፣ መሰረዝም የሚችል ከሆነ ዘበኛው ግቢውን እንጂ ንብረቱን አልጠበቀም።

ፈቃድም ቢሆን አንድ ወጥ ነገር አይደለም። ኤስኪውኤል በተባለው የመረጃ ቋት ቋንቋ ማንበብ፣ አዲስ ረድፍ ማስገባት፣ ያለውን ማስተካከልና መሰረዝ አራት የተለያዩ ፈቃዶች ናቸው። የማስገባት ፈቃድ ያለው ሰው ያስገባውን ለመሰረዝ ሌላ ፈቃድ ያስፈልገዋል። ጥሩ አመዳደብ የሚጀምረው ይህን ልዩነት ከማክበር ነው።

የአሠራሩ አመጣጥ

ኤድጋር ኮድ እ.ኤ.አ. በ1970 መረጃን በሠንጠረዥ የማደራጀትን ሐሳብ ካቀረበ በኋላ፣ በካሊፎርኒያ ሳን ሆዜ ይገኝ የነበረው የአይቢኤም የምርምር ክፍል ሲስተም አር የተባለውን ፕሮግራም ሠራ። በ1976 ፓትሪሻ ግሪፊትስና ብራድፎርድ ዌድ የዚህን ፕሮግራም የፈቃድ ሥርዓት የሚያብራራ ጽሑፍ አወጡ። ፈቃድ ለመስጠት «ግራንት»፣ ለመሻር «ሪቮክ» የሚሉት ትእዛዞች እስከ ዛሬ በሥራ ላይ ናቸው።

በዚያ ጽሑፍ ውስጥ አስቸጋሪው ጉዳይ መስጠቱ ሳይሆን መሻሩ ነበር። ሠንጠረዡን የፈጠረው ሰው ለአበበ ፈቃድ ቢሰጥና ለሌላ የማስተላለፍ መብት ቢጨምርለት፣ አበበም ለከበደ ቢያስተላልፍ፣ የአበበ ፈቃድ በተሻረ ጊዜ የከበደ ምን ይሆናል? ከበደ ፈቃዱን ያገኘው በአበበ በኩል ብቻ ከሆነ አብሮ ይሻራል፤ ከሌላ ባለመብት ጭምር አግኝቶት ከሆነ ግን ይጸናል። ስለዚህም እያንዳንዱ ፈቃድ ከማንና መቼ እንደ ተገኘ መመዝገብ አስፈለገ። በ1978 ደግሞ ሮናልድ ፌጊን በአሻሻሩ ስሌት ጉድለት መኖሩን አሳይቶ ማረሚያ አቀረበ።

ከዚያም የብዛት ችግር መጣ። 100 ሠራተኞችና 40 ሠንጠረዦች ያሉት መሥሪያ ቤት አራቱን ፈቃዶች ለየሰዉ ቢመድብ 16,000 ውሳኔዎች ይጠበቁበታል። ሥራው በአምስት ዓይነት ቢከፈልና ፈቃዱ ለሥራው ቢሰጥ ግን ውሳኔዎቹ 800 ይሆናሉ፤ የሚቀረው እያንዳንዱን ሠራተኛ በየሥራው መመደብ ብቻ ነው። ዴቪድ ፌራዮሎና ሪቻርድ ኩን በ1992 በጽሑፍ ያቀረቡት በሚና ላይ የተመሠረተ የፈቃድ ሥርዓት ይህን የሚከተል ነው። በ1999 ሚና በኤስኪውኤል መደበኛ ደንብ ውስጥ ገባ፤ ፖስትግረስ የተባለው ፕሮግራም በ2005 ተጠቃሚንና ቡድንን በሚና ሥር አጠቃለለ፤ ማይኤስኪውኤልም በ2018 ሚናን ተቀበለ።

ከውኃ አገልግሎት የተወሰደ ምሳሌ

ነገሩን ግልጽ ለማድረግ አንድ የከተማ ውኃ አገልግሎት መሥሪያ ቤትን በምሳሌነት እንውሰድ። ቆጣሪ አንባቢው የደንበኛውን ቁጥርና አድራሻ ያነባል፣ ንባቡን ያስገባል፤ ያስገባውን ግን አይለውጥም። ሒሳብ አዘጋጁ ንባቡን አይቶ ሒሳቡን ይሠራል፤ ገንዘብ ግን አይቀበልም። ገንዘብ ተቀባዩ ሒሳቡን ያነባል፣ ደረሰኙን ይመዘግባል፤ የሒሳቡን ልክ ግን አይነካም። ስሕተት ሲገኝ የክፍሉ ኃላፊ የእርማት ምዝገባ ያስገባል እንጂ የቀድሞው ረድፍ አይሰረዝም። ኦዲተሩ ሁሉን ያነባል፣ ምንም አይጽፍም።

ይህ አሠራር ለንብረት ክፍል ሠራተኞች እንግዳ አይደለም። ዕቃ በሞዴል 19 ሲገባና በሞዴል 22 ሲወጣ ጠያቂው፣ ፈቃጁና አስረካቢው የተለያዩ ሰዎች እንዲሆኑ የሚፈለገው በማንም ላይ እምነት ስለ ጠፋ ሳይሆን፣ ሥራ ለሠሪው፣ እሾህ ለአጣሪው እንደሚባለው፣ ሁሉም የራሱን ድርሻ እንዲይዝ ነው። የመረጃ ቋቱ ሚናዎችም ከሠራተኞች ስም ዝርዝር ሳይሆን ከዚህ የሥራ ክፍፍል መቀዳት አለባቸው። አንድ ሚና ሊያነበው የማይገባ ዐምድ፣ ለምሳሌ የደንበኛው ስልክ ቁጥር፣ ቢኖርም የሚፈለጉትን ዐምዶች ብቻ የሚያሳይ «ቪው» ተሠርቶ ፈቃዱ በእርሱ ላይ ይሰጣል።

ሠራተኛው ሲዛወርና ሲለቅ

ፈተናው የሚመጣው ሰው ቦታውን ሲለውጥ ነው። ገንዘብ ተቀባይ የነበረች ሠራተኛ ወደ ሒሳብ ዝግጅት ብትዛወር አዲሱ ፈቃድ በዕለቱ ይሰጣታል፤ ያለ እርሱ መሥራት ስለማትችል ራሷ ትጠይቃለች። የቀድሞውን ሻሩልኝ ብሎ የሚጠይቅ ግን የለም፤ ሥራ የሚያስታጉል አይደለምና። እንዲህ እየሆነ ለብዙ ዓመታት ያገለገለ ሠራተኛ ሳይመኘው የብዙ ክፍሎች ፈቃድ ተሸካሚ ይሆናል። ስለዚህ ዝውውር ከአንዱ ሚና ማስወጣትና ወደ ሌላው ማስገባት፣ ሁለቱም በአንድ ደብዳቤ የሚፈጸሙ መሆን አለባቸው።

በመሻር ጊዜም ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በፖስትግረስ አንድ ሰው ፈቃዱን በግሉም በቡድኑም አግኝቶ ከሆነ የግሉን መሻር ብቻ አያግደውም፤ በቡድኑ በኩል ያልፋል። የማይክሮሶፍት ኤስኪውኤል ሰርቨር በበኩሉ «ዲናይ» የሚባል የክልከላ ትእዛዝ አለው፤ ይህም በአብዛኛው ከሌላ መንገድ የተገኘውን ፈቃድ ጭምር ያግዳል። እንዲሁም የአንድን ሰው የመግባት መብት ማንሣት በዚያች ሰዓት ገብቶ የሚሠራበትን ግንኙነት አያቋርጥም፤ ለብቻው መቋረጥ አለበት። ሠራተኛው የሠንጠረዦች ባለቤት ከሆነም ባለቤትነቱ ወደ ሌላ ሚና ሳይዛወር ስሙ ከቋቱ አይወጣም። በመሆኑም ሠንጠረዦች በሰው ስም ሳይሆን ማንም በማይገባበት የሥራ ሚና ስም ቢፈጠሩ ይመረጣል።

ሠራተኛ ሲለቅ ክሊራንስ ይዞ ከንብረት ክፍል፣ ከሒሳብ ክፍልና ከቤተ መጻሕፍት ፊርማ ይሰበስባል። በዚያ ቅጽ ላይ የመረጃ ቋቱ ኃላፊ ፊርማ ከሌለበት የተመለሰው ወንበሩና ጠረጴዛው እንጂ ሥልጣኑ አይደለም።

የጋራ ስምና የተረሱ በሮች

ከሁሉ የከፋው ልማድ የጋራ የይለፍ ቃል ነው። ሦስት ገንዘብ ተቀባዮች በአንድ ስም ሲገቡ ሥራው የቀለለ ይመስላል። ነገር ግን አንድ ቀን የደረሰኝ ሒሳብ ቢጎድል መዝገቡ የሚናገረው ያንን አንድ ስም ነው። ጥፋተኛው ከሦስቱ መካከል ይሰወራል፤ ሁለቱ ንጹሓን ደግሞ ንጽሕናቸውን የሚያስረዱበት ማስረጃ ያጣሉ። ለየሰዉ የራሱ የመግቢያ ስም መስጠት በመጀመሪያ ደረጃ የታማኙ ሠራተኛ ጥበቃ ነው። በመካከል ያለው ፕሮግራም ሁሉንም ሠራተኞች በአንድ ስም ወደ ቋቱ የሚያስገባ ከሆነም ማን ምን እንደ ሠራ የመመዝገብ ግዴታው በፕሮግራሙ ላይ ይወድቃል።

የተረሱ በሮችም አሉ። በፖስትግረስ «ፐብሊክ» የሚለው ስም እያንዳንዱን ተጠቃሚ ያጠቃልላል፤ ለእርሱ የተሰጠ ለሁሉም ተሰጠ ማለት ነው። በዚሁ ስም በሚጠራው ክፍል ማንም ሰው ሠንጠረዥ ሊፈጥር ይችል የነበረው እስከ 2022 ድረስ ነው፤ በዚያ ዓመት የወጣው 15ኛው እትም ይህን ቢያስቀርም፣ ከቀደመ እትም በተሸጋገሩ ቋቶች ውስጥ የቀድሞው ፈቃድ እንዳለ ይቀጥላል። በሌላ በኩል ባሉት ሠንጠረዦች ሁሉ ላይ የተሰጠ ፈቃድ ነገ የሚፈጠረውን አይጨምርም። ሠራተኞች አዲሱን ሠንጠረዥ ማንበብ ሲያቅታቸው የተቸኮለ ኃላፊ የበላይ ተጠቃሚነትን እስከ መስጠት ይደርሳል፤ የበላይ ተጠቃሚ ደግሞ የፈቃድ ፍተሻ የማያግደው ነው። መድኃኒቱ ለወደፊት ሠንጠረዦች የሚያገለግለውን ፈቃድ አስቀድሞ መደንገግ ነው።

የፈቃድ ቆጠራ

በኢትዮጵያ ይህ ጉዳይ የሙያ ምክር ብቻ መሆኑ ቀርቷል። የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ያለ ፈቃድ ወይም ከተሰጠ ፈቃድ ውጪ ወደ ኮምፒዩተር ሥርዓት መድረስን በወንጀል ያስቀጣል። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ደግሞ የሰዎችን መረጃ የያዘ ተቋም የጥበቃ እርምጃ እንዲወስድ ያስገድዳል። አንድ ሠራተኛ ከፈቃዱ አልፏል ለማለት የፈቃዱ ልክ አስቀድሞ መታወቅ አለበት። ልኩን ያልወሰነ መሥሪያ ቤት አጥፊውን ለመክሰስም፣ ንጹሑን ለመከላከልም አስቸጋሪ ይሆንበታል።

በየዓመቱ ሰኔ 30 በጀት ሲዘጋ ንብረት ይቆጠራል፤ ወንበር እንኳ ሳይቀር በቁጥሩ ይመዘገባል። የመረጃ ቋቱም ፈቃድ በዚያው ጊዜ ሊቆጠር ይገባል። ማን በየትኛው ሚና እንዳለ ከቋቱ ወጥቶ በወረቀት ይታተም፤ እያንዳንዱ የክፍል ኃላፊም የሠራተኞቹን ስም እያየ ይፈርምበት። በዝርዝሩ ላይ የለቀቀ ወይም የተዛወረ ሰው ስም ከተገኘ በዕለቱ ይሻር። ይህ ተጨማሪ ገንዘብ ወይም አዲስ መሣሪያ አይጠይቅም። አባላት በየመሥሪያ ቤታቸው ከዘንድሮው ቆጠራ ሊጀምሩት የሚችሉት ሥራ ነው።