ሆድ ሲቆርጥ

ሆድ ቆርጦ ሲይዝ፣ ለቀቅ ሲያደርግ፣ ደግሞ መልሶ ሲጨመድድ ምን እየሆነ ነው? አንጀት ምግቡን እየገፋ የሚያሳልፈው ለእኛ ፈቃድ በማይታዘዙ ጡንቻዎች ነው። እነሱ ከልክ በላይ ሲኮማተሩ ቁርጠት እንለዋለን።

ብዙዎቻችሁ ቡስኮፓን በሚለው ስሙ የምታውቁት የቁርጠት መድኃኒት፣ ሃዮሲን ቡቲልብሮማይድ፣ ነርቭ ጡንቻውን «ተኮማተር» የሚልበትን አሴቲልኮሊን የተባለ መልእክተኛ መቀበያው ላይ ይዘጋበታል። ጡንቻውም ይላላል። እኔን የሚገርመኝ መነሻው ነው። መድኃኒቱ የሚቀመምበት ስኮፖላሚን የተባለ ንጥረ ነገር በየመንገዱ ዳር በሚበቅለው አስተናግር ውስጥም አለ። አስተናግር የበላ ሰው ይቃዣል፣ ብቻውን ያወራል፤ ስሙም ይህንኑ ይናገራል። መድኃኒቱ ግን በቀላሉ ወደ አንጎል እንዳያልፍ ተደርጎ ተቀይሯል። እባካችሁ፣ ተክሉን ለቁርጠት ብላችሁ እንዳትሞክሩት፤ ሊገድል ይችላል።

መድኃኒቱም ቢሆን አፍ ያደርቃል፣ የልብ ምት ያፈጥናል። ግላኮማ የተባለው የዓይን ሕመም ያለበት ወይም ሽንት አልወጣ የሚለው ሰው ሐኪም ሳያማክር አይውሰደው። ቁርጠቱ ከትኩሳትና ከማያባራ ትውከት ጋር ከመጣ፣ ወይም ሰገራም አየርም አልወጣ ካለ፣ ክኒን ፍለጋ ሳትዘገዩ ወደ ጤና ተቋም ሂዱ።