ግብር የሚከፍል እንግዳ ድምፅ ይኑረው ወይ?



ዛሬ የምንወያየው ዜጋ ባልሆነበት አገር የሚኖር ሰው በዚያ አገር አስተዳደር ድምፅ ይገባዋል ወይ በሚለው ጥያቄ ላይ ነው። ዜጋ ማለት ያገሩ ሰው መሆኑ በሕግ የታወቀለት ሰው ነው። ዜጋ ያልሆነው ደግሞ እዚያው ሠርቶ፣ ልጅ ወልዶ፣ ግብር ከፍሎ ቢኖርም በሕግ ፊት የውጭ አገር ሰው ነው።

ከምናውቀው ነገር እንነሣ። እድር የሚሰበስበው ማንን ነው? በሰፈሩ የሚኖረውን፣ መዋጮ የሚከፍለውን፣ ለቅሶ ሲሆን የሚደርሰውን ነው። ይህ ሰው የእድሩ ዳኛ ሲመረጥ እጁን ያወጣል። አገር ግን ከእድር ይሰፋል፤ ጥያቄውም የዚያኑ ያህል ይከብዳል።

በሰሜን አውሮፓ የምትገኘው ስዊድን ለፋብሪካዎቿ ብዙ የውጭ ሠራተኞች አስገብታ ነበር። እነሱም ግብር ይከፍሉ ነበር፤ ግን የሚኖሩበትን ከተማ ምክር ቤት አይመርጡም። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1975 ሕጉ ተለወጠ። 3 ዓመት የኖረ የውጭ አገር ሰው የአካባቢውን ምክር ቤት እንዲመርጥ፣ እንዲመረጥም ተፈቀደለት። በ1976 ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፅ ሰጡ። ፓርላማውን መምረጥ ግን ዛሬም ለዜጎች ብቻ ነው።

በጀርመን ነገሩ ሌላ ሆነ። ሁለት ክፍላተ ሀገር ለውጭ ሰዎች በአካባቢ ምርጫ ድምፅ ቢሰጡ፣ የሕገ መንግሥቱ ፍርድ ቤት በ1990 ሻረው። ሥልጣን ከሕዝብ ይመነጫል፣ ሕዝብ ማለትም የጀርመን ዜጋ ነው አለ። በ1992 የተፈረመው የማስትሪክት ውል ደግሞ የአውሮፓ ኅብረት ዜጎች በሚኖሩበት ከተማ እንዲመርጡ አደረገ። እንግዲህ ጥቂት ወር የኖረ ጣሊያናዊ ይመርጣል፤ 30 ዓመት በፋብሪካ የደከመ የቱርክ ዜጋ አይመርጥም። ይህ ፍርድ ነው ትላላችሁ?

በአገራችንም በ1994 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 270 የሌላ አገር ዜግነት የያዙ ትውልደ ኢትዮጵያውያን ያለ ሥራ ፈቃድ እንዲሠሩ ይፈቅዳል። መምረጥና መመረጥን ግን አይፈቅድም።

የሚቃወሙት ሰዎች ያላቸው ምክንያት ቀላል አይደለም። መከራ ሲመጣ ዜጋው ይቀራል፣ እንግዳው ግን የሚሄድበት አገር አለው ይላሉ። ድምፅ ከፈለገ ዜግነት ይጠይቅ ይላሉ። ዳሩ ግን ዜግነት እንዲያው በቀላሉ አይለወጥም። በእኛ ሕግ የሌላ አገር ዜግነት የወሰደ ኢትዮጵያዊ ኢትዮጵያዊ ዜግነቱን ያጣል። ስቶክሆልም ያለው ወንድማችን ለከተማው ምክር ቤት ድምፅ ለመስጠት ያገሩን ዜግነት ይጣል ማለት ይከብዳል።

ስለዚህ እኛ ተማሪዎች መክረን የደረስንበት ይህ ነው። የጦርና የሰላም፣ የሕገ መንግሥትና የድንበር ጉዳይ የዜጋ ይሁን። የውሃው፣ የመንገዱ፣ የትምህርት ቤቱና የጤና ጣቢያው ጉዳይ ግን እዚያው የሚኖረው ሁሉ ነው። ዓመታት የኖረና ግብር የከፈለ ሰው በዚህ ድምፅ ሊነፈገው አይገባም። በተዘጋ አፍ ዝንብ አይገባም ይባላል፤ እንጀራም እንደማይገባ አንርሳ።

እናንተስ ምን ትላላችሁ? ፊደል ቆጥራችኋልና ሐሳባችሁን በሁለት በሦስት መስመር ጽፋችሁ ለሚመጣው ሳምንት አምጡልን። የተስማማውም ያልተስማማውም ይነበባል።