በትንሽ ወጪ የአንድ ቀን ጉዞ፦ ከወላጆቻችን ጋር
(በካፒቶል ሂል በተደረገው የማኅበራችን ዓመታዊ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)



እንድናገር የተሰጠኝ ርእስ ጤና ነው። ስለ ስኳርና ስለ ደም ግፊት ብዙ ተብሏልና ዛሬ ስለ መንገድ ላውራ። ከአገር ቤት ያመጣናቸው ወላጆቻችን አብዛኞቹ የሲያትልን ዝናባማ ወራት አፓርታማ ውስጥ ተቀምጠው ነው የሚያሳልፉት። እኛ ሥራ ላይ ነን፣ ልጆች ትምህርት ቤት። በነርስነቴ የማየው ይህን ነው፦ ያልተንቀሳቀሰ እግር ይደክማል፣ የሚያወራው ያጣ ሰውም ምግብ ያስጠላዋል።

ስለዚህ በኤፕሪል አንድ ቅዳሜ አብረን እንውጣ። መንገዱ እንዲህ ነው። ከሲያትል ወደ ሙኪልቲዮ እንሄዳለን፤ ከዚያ በጀልባ 20 ደቂቃ ያህል ተጉዘን ዊድቤይ ደሴት እንገባለን። 65 ዓመት የሞላቸው በግማሽ ዋጋ፣ እስከ 18 ዓመት ያሉ ልጆች በነጻ ይሳፈራሉ። በኩፕቪል ቆም ብለን ሻይ እንጠጣለን። ከደሴቱ ሰሜን ጫፍ በ1935 የተከፈተው የዲሴፕሽን ፓስ ድልድይ አለ፤ ከውኃው በላይ 55 ሜትር ገደማ ነው፣ በእግርም ይሻገሩታል። የፓርኩ ፈቃድ የሚከፈለው በመኪና እንጂ በሰው አይደለምና መኪና መጋራት ያዋጣል። ከዚያ ላ ኮነርን አይተን ወደ ማውንት ቨርነን የቱሊፕ ማሳዎች እናልፋለን። አትክልት ቦታዎቹ ያስከፍላሉ፤ ከመኪና ሆኖ ማሳውን ማየት ግን ነጻ ነው። መመለሻው በአይ-5 60 ማይል ያህል ነው።

ምግብ አንገዛም። ወቅቱ ብዙ ጊዜ ከዐቢይ ጾም ጋር ይገጥማል፤ የጾም ሳምቡሳ፣ ቆሎ፣ በሶና በቴርሞስ ሻይ ይበቃናል። መድኃኒት በእጅ ቦርሳ ይያዝ። ቢበዛ በየሁለት ሰዓቱ ወርደን እንራመድ፤ ረጅም መቀመጥ እግር ውስጥ ደም ሊያረጋ ይችላል። የስኳር መድኃኒት የሚወስዱም ምግብ አያሳልፉ።

ይህ ለልማት ማኅበር ምን ያደርጋል የምትሉ ትኖራላችሁ። ላ ኮነርን ልብ ብላችሁ እዩልኝ። ነዋሪዋ አንድ ሺህ ሰው ገደማ ነው። እንግዳን ሁለት ሰዓት የሚያቆየው ትልቅ ነገር አይደለም፦ ንጹሕ መጸዳጃ ቤት፣ መቀመጫ፣ የሚነበብ ምልክት፣ አንድ ስኒ ቡና። የእኛዋ ጢስ ዓባይ ከባሕር ዳር 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ናት። ፏፏቴ አላት፤ በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በአፄ ሱስንዮስ ዘመን የተሠራ የድንጋይ ድልድይም አላት። እንግዳ ፏፏቴውን አይቶ ወዲያው ወደ ባሕር ዳር ከተመለሰ ግን ቡና አፍልታ የምትጠብቀው እናት ምንም አታገኝም።

እንግዲህ ሁለት ነገር እጠይቃለሁ። አንደኛ፣ ዛሬ ከመበተናችን በፊት ትርፍ ወንበር ያለው መኪና ያላችሁ ተመዝገቡ፤ ቅድሚያ ለአረጋውያን ይሁን። ሁለተኛ፣ ለምሳ ቤት እንከፍለው የነበረውን ገንዘብ እናዋጣና፣ መንገዱ ሰላም ሲሆን በጢስ ዓባይ ለሚሠራ አንድ መጸዳጃ ቤትና ጥላ ያለው መቀመጫ መነሻ እናድርገው። የት ይሁን የሚለውን እዚያ ያሉት ወገኖቻችን ይወስኑ።

እናቶቻችን በመስከረም አደይ አበባ ያዩ ነበር። እዚህ ደግሞ ቱሊፑን ይዩ፤ ልጆቻችንም አጠገባቸው ተቀምጠው ስለ አደዩ ይጠይቋቸው።