የፓኬጆች ግጭትና የአንድ ሌሊት ትምህርት
(በማኅበሩ ዓመታዊ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ዛሬ የምናገረው በገዛ እጄ ስለ ፈጸምሁት ስሕተት ነው። በዚያች ሌሊት የባከነው ጊዜ የእኔ ነው፤ ሊስተጓጐል ተቃርቦ የነበረው ግን የሌሎች ሰዎች ደመወዝ ነው።

በአንድ መሥሪያ ቤት የደመወዝ ሒሳብ የሚሠራበትን ሰርቨር ከዴቢያን 12 ወደ ዴቢያን 13 የማሸጋገር ኃላፊነት ተሰጥቶኝ ነበር። ዴቢያን እ.ኤ.አ. በ1993 የተመሠረተ የሊኑክስ ሥርዓት ሲሆን፣ 13ኛው እትሙ የወጣው እ.ኤ.አ. ኦገስት 9 ቀን 2025 ነው። ሥራውን ቅዳሜ ማታ ጀመርሁ፤ ደመወዙ ሰኞ ጧት መከፈል ነበረበት።

እንደምታውቁት በዴቢያን እያንዳንዱ ፓኬጅ ስለ ራሱ ቃል ይሰጣል፤ ይኸውም ያለ ማን ሊሠራ እንደማይችል፣ ከማን ጋር አብሮ ሊቀመጥ እንደማይችልና የማንን ቦታ እንደሚተካ ነው። አፕት የተባለው መሣሪያ ይህን ሁሉ ቃል አስታርቆ አንድ መንገድ ይፈልጋል። መንገድ ሲያጣ ግጭት መኖሩን ይነግረናል።

አዲሱ እትም ለግጭት የሚዳርግ ሰፊ ለውጥ ነበረበት። ኮምፒዩተር ጊዜን የሚቆጥረው እ.ኤ.አ. ከ1970 መግቢያ ጀምሮ ባለፉት ሴኮንዶች ነው። ቁጥሩ በ32 ቢት ከተያዘ እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 19 ቀን 2038 ይሞላል። ዴቢያን ይህን ለመከላከል ቆጠራውን ወደ 64 ቢት ሲያሰፋ የብዙ ላይብረሪዎችን የፓኬጅ ስም ለወጠ። ለግንኙነት ምስጢር መጠበቂያ የሚያገለግለው «ሊብኤስኤስኤል3» ስሙ «ሊብኤስኤስኤል3ቲ64» ሆነ። ሁለቱ የሚያስቀምጧቸው ፋይሎች ስማቸውም ቦታቸውም አንድ በመሆኑ፣ አዲሱ ሲገባ አሮጌው መልቀቅ ይኖርበታል።

እኔ ዘንድ ግን አሮጌው አልለቅም አለ። አፕትም የተያዙና የተሰበሩ ፓኬጆች እንዳሉ አስታወቀኝ። ይህ መልእክት አንድም የተያዘ ፓኬጅ በሌለበት ጊዜ ጭምር የሚመጣ ስለሆነ «የተያዙ» የሚለውን ቃል ከቁም ነገር አልቆጠርሁትም። ከእኩለ ሌሊት በኋላ ትዕግሥቴ አለቀና የማስገደጃውን ትእዛዝ ጨምሬ አሮጌውን ላይብረሪ በግድ ነቀልሁት። ወዲያው ከሩቅ የምንገናኝበት ኤስኤስኤች አዲስ ግንኙነት አልቀበልም አለ፤ የመረጃ ቋቱም ቆሞ አልነሣ አለ። ሁለቱም የሚሠሩት በነቀልሁት ላይብረሪ ነበርና። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንዲሉ፣ በሌሊት ወደ መሥሪያ ቤቱ ሄጄ ሥራውን ከመጀመሬ በፊት ካስቀመጥሁት ቅጂ ሰርቨሩን መለስሁት።

ሲነጋ የተያዙ ፓኬጆችን የሚዘረዝረውን «አፕት-ማርክ ሾውሆልድ» አዘዝሁ። የወጣው አንድ ስም ነው፤ ያው ላይብረሪ። የያዘውም ሌላ ሰው አልነበረም፤ ከብዙ ወራት በፊት አንድ ከውጭ የመጣ ፕሮግራም እንዳይታወክ ብዬ የያዝሁት እኔው ነኝ። ምክንያቱን የትም አልጻፍሁትም። ከሁሉ የከፋው ደግሞ፣ በእነዚያ ወራት ላይብረሪው የደኅንነት ማረሚያ ሳይደርሰው መቆየቱ ነው። ያን ፕሮግራም ለአዲሱ እትም በተዘጋጀው ቅጂ ተክቼ እገዳውን አነሣሁ። ሥራውን በቅድሚያ በሙከራ ትእዛዝ አይቼ፣ ይነሣሉ የተባሉትን ፓኬጆች አንድ በአንድ አንብቤ እሑድ ከቀትር በፊት ጨረስሁ። ደመወዙም ሰኞ ተከፈለ።

ባልደረቦቼ፤ የግጭት መልእክት ሥራችንን ለማሰናከል የመጣ ጠላት አይደለም። ቀድሞ የወሰንነውንና የረሳነውን የሚያስታውሰን ምስክር ነው። ማስገደድ ምስክሩን ዝም ያሰኘዋል እንጂ ነገሩን አይፈታውም። ስለሆነም ከማሸጋገር በፊት የተያዙትን እንይ፤ ከውጭ የመጡ የፓኬጅ ምንጮችን እንዝጋ፤ የሚነሡትን ዝርዝር ሳናነብ አዎን አንበል፤ ቅጂያችንም በእርግጥ የሚመለስ መሆኑን አስቀድመን እንፈትን። ከሁሉም በላይ፣ አንድን ፓኬጅ ስንይዝ ምክንያቱንና ቀኑን እንጻፍ። ያን ጽሑፍ የሚፈልገው ምናልባት ከእኛ በኋላ የሚመጣው ባለሙያ ነው፤ ምናልባትም በአንድ ቅዳሜ ሌሊት እኛው ራሳችን ነን።