ቀላል ጎጆ በፒክአፕ ጀርባ
ስለ ክብደት፣ ስለ ጥንካሬና ስለ መስክ ሠራተኛው ማደሪያ በማኅበሩ ዓመታዊ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር



ዛሬ እንድናገርበት የተጋበዝሁበት ርእስ ከግድብና ከድልድይ ጋር ሲነጻጸር እጅግ አነስተኛ መስሎ ሊታይ ይችላል። ይኸውም በፒክአፕ የጭነት ሳጥን ላይ የምትቀመጥ፣ ሁለት ሰው የምታሳድር፣ በተራ የእንጨት ሥራ መሣሪያ ልትሠራ የምትችል ቀላል ጎጆ ናት። ይሁን እንጂ ይህች ትንሽ ሥራ የሙያችንን መሠረታዊ ጥያቄዎች በሙሉ ታስነሣለች። ጭነቱ ምን ያህል ነው? በምን ላይ ያርፋል? በየትስ በኩል ወደ መሬት ይወርዳል?

ጉዳዩ ለእኛ እንግዳ አይደለም። ቀያሹ፣ የከርሰ ምድር ውኃ አጥኚው፣ የመንገድ ሥራ ተቆጣጣሪው ብዙ ሌሊት ከከተማ ርቆ ያድራል። ድንኳን የአባቶቻችን የጉዞ ቤት ነው፤ ነገሥታቱ ሳይቀሩ ጎንደር ከመቆርቆሯ በፊት በድንኳን ከተማ ይዘዋወሩ እንደነበር ታሪክ ይነግረናል። ነገር ግን በየማታው መትከል፣ በየጠዋቱ መንቀል፣ በክረምትም እርጥብ ሸራ ጠቅልሎ መጫን የሥራ ሰዓት ይበላል፤ እንቅልፍ ያጣ ሠራተኛም በማግሥቱ መሪ ይይዛል። ስለዚህ የምንነጋገረው ስለ ምቾት ብቻ አይደለም፤ ስለ ሥራ ጥራትና ስለ ሰው ሕይወትም ጭምር ነው።

በፒክአፕ ላይ ቤት መጫንን በሰፊው ያስለመዱት አሜሪካውያን ናቸው። ደራሲው ጆን ስታይንቤክ እ.ኤ.አ. በ1960 አገሩን የዞረው እንዲህ ባለ መኪና ነበር፤ ስሙንም በዶን ኪኾቴ ፈረስ ‹ሮሲናንቴ› ብሎታል። በዚያው አገር በፋብሪካ ከሚሠሩት ጎን ለጎን በየጓሮው በገዛ እጅ የሚሠሩ ጎጆዎች በዝተዋል። የፌዴራል ደንቡም የመኪና ፋብሪካዎች እንዲህ ላለው ጭነት የሚፈቀደውን ክብደትና የክብደቱ ማዕከል ሊያርፍበት የሚገባውን ወሰን ለገዢው እንዲገልጹ ያዛል። ደንቡ ሁለቱን ነገሮች አጣምሮ መያዙ ትልቅ ትምህርት አለው፤ ስንት ኪሎ እንደሚጫን ማወቅ ብቻውን አይበቃምና።

እንግዲህ ከክብደቱ እንጀምር። አንድ ቶን እንዲጭን የተፈቀደለት ባለ አንድ ጋቢና ፒክአፕ አለን እንበል። ይህ አንድ ቶን ለጎጆዋ ብቻ የተመደበ አይደለም። ሁለት ሰዎች 150 ኪሎ ግራም ይመዝናሉ። ስድሳ ሊትር ውኃ 60 ኪሎ ነው። በጀሪካን የተያዘ 40 ሊትር ናፍጣ ወደ 33 ኪሎ ይጠጋል። ተጨማሪ ጎማና መፍቻዎች 60፣ የሥራ መሣሪያና ጓዝ 150፣ ስንቅና መኝታ 50 ብንል ድምሩ ከ500 ኪሎ በላይ ይሆናል። በኮረኮንች መንገድ የሚመላለስ መኪና ደግሞ ከተፈቀደለት ሦስት አራተኛውን ብቻ ቢሸከም ለባሌስትራውም ለጎማውም ይበጃል የሚል የግል አቋም አለኝ። ይህን ከተቀበልን ለጎጆዋ፣ ለዕቃ መደርደሪያዋና ለባትሪዋ በጠቅላላው የሚተርፈን 250 ኪሎ ገደማ ነው።

ይህ ስስት ለምን አስፈለገ የሚል ቢኖር፣ የዓባይን በረሃ ከጎሐ ጽዮን ወደ ድልድዩ ሲወርድ ያስበው። ቁልቁለቱ ከ1,000 ሜትር በላይ ነው። ያላግባብ የተጨመረ 300 ኪሎ ጭነት 1,000 ሜትር ሲወርድ ወደ 3 ሚሊዮን ጁል የሚጠጋ ኃይል ያወጣል። ይህም ወደ 9 ሊትር የሚጠጋ ውኃ ከ20 ዲግሪ ወደ 100 ዲግሪ የሚያደርስ ሙቀት ነው። ሞተሩ በዝቅተኛ ማርሽ ከሚይዘው የቀረውን ሁሉ የሚቀበለው ፍሬኑ ነው። ፍሬን ሲግል ኃይሉ እንደሚደክም ለእናንተ መንገር አያሻኝም።

ሁለተኛው ነጥብ የጭነቱ አቀማመጥ ነው። በፊትና በኋላ አክስል መካከል 3.1 ሜትር ርቀት ያለውን መኪና እንውሰድ። የ300 ኪሎ ጭነት ማዕከል ከኋላ አክስል 40 ሳንቲ ሜትር ወደ ኋላ ቢያርፍ፣ የኋላው አክስል የሚሸከመው 300 ሳይሆን 339 ኪሎ ነው፤ ፊተኛው ደግሞ በ39 ኪሎ ይቀልላል። መሪውን የሚታዘዙት ጎማዎች ቀለሉ ማለት መኪናው በኩርባ ላይ አልታዘዝም ማለት ይጀምራል። ያው ጭነት 40 ሳንቲ ሜትር ወደ ፊት ቢመጣ ግን ኋለኛው 261፣ ፊተኛው 39 ኪሎ ይካፈላሉ። ስለዚህ ውኃው፣ ባትሪውና የመሣሪያ ሳጥኑ ከወለሉ ላይ፣ ከጋቢናው ግድግዳ ሥር ይቀመጡ፤ ስፖንጅና ልብስ ከኋላና ከላይ ይሁኑ። ጀሪካንና ጎማ በጣሪያ ፖርቶመጋላ ላይ መደርደር የቆየ ልማዳችን ቢሆንም መኪናውን ለመገልበጥ ያቀርበዋል።

ወደ ሥራው ስንመጣ የመጀመሪያው ምርጫ የግድግዳው ዓይነት ነው። የጎጆዋ ርዝመት 2.2፣ ወርዷ 1.6፣ ከፍታዋ 1.3 ሜትር ይሁን፤ ሰው ተቀምጦ ይለብሳል፣ ተዘርግቶም ይተኛል። ጣሪያውና አራቱ ግድግዳዎች በድምሩ 13.4 ካሬ ሜትር ይሆናሉ፤ ወለሉ የመኪናው የራሱ ነው። በየሰፈሩ ያለ በያጅ በቱቦላሬና በአንድ ሚሊ ሜትር ላሜራ ቢሠራት ላሜራው ብቻ 105 ኪሎ ይመዝናል። አርባ ሜትር ቱቦላሬ ሲጨመርበት ከ150 ኪሎ ያልፋል፤ ያውም ቀን እንደ ምድጃ የሚግል፣ ሌሊት ጠል የሚያንጠባጥብ ግድግዳ ነው። በ12 ሚሊ ሜትር ኮምፔንሳቶ ብትሠራ ወደ 96 ኪሎ ትወርዳለች። ሁለት የ3 ሚሊ ሜትር ኮምፔንሳቶ ገጾች በመካከላቸው 30 ሚሊ ሜትር የፖሊስታይሪን ፎም አድርገን ብናጣብቅ ግን ከነኮላው 67 ኪሎ ገደማ ይበቃታል። ኮምፔንሳቶውንም ትተን ፎሙን በሁለቱም በኩል ኮላ በጠጣ ሸራ ብንለብጠውና ቀለም ብንቀባው ወደ 40 ኪሎ እንደርሳለን። ይህ የመጨረሻው ዘዴ በአሜሪካ የጓሮ ሠሪዎች ዘንድ የተለመደ ነው፤ ሆኖም ቅርንጫፍና ድንጋይ ለሚያገኛት የእኛ መኪና የኮምፔንሳቶውን ገጽ እመርጣለሁ።

የዚህ ጥንቅር ግድግዳ ምስጢር ‹ድር ቢያብር አንበሳ ያስር› እንደሚባለው ነው። ሁለቱ ቀጫጭን ገጾች ለየብቻቸው በእጅ ይጠመዘዛሉ፤ ተራርቀው ሲያያዙ ግን አንደኛው ግፊትን፣ ሌላው ጉተታን ይሸከማል፤ መካከሉም ርቀታቸውን ይጠብቃል። እነዚያው 6 ሚሊ ሜትር እንጨቶች በአንድነት ተጣብቀው ከሚኖራቸው ጽናት ይልቅ በ30 ሚሊ ሜትር ፎም ተለያይተው የሚኖራቸው በስሌት ወደ 90 እጥፍ ይደርሳል። በተግባር የፎሙ ልስላሴ ይህን ቁጥር ዝቅ ቢያደርገውም ትርፉ አሁንም ብዙ ነው። እ.ኤ.አ. በ1940 ለመጀመሪያ ጊዜ የበረረው የእንግሊዞች ‹ሞስኪቶ› አውሮፕላን በስስ የእንጨት ገጾች መካከል ባልሳ የተባለውን ቀላል እንጨት ይዞ የተሠራው በዚሁ ሕግ ነው። የጣናን ታንኳ ያየ ሰውም ሐሳቡን ከቅርብ ያገኘዋል፤ የደንገል አገዳ ውስጡ ቀላል፣ ልባሱ ጠንካራ ነውና።

በአሠራሩ ላይ ጥንቃቄ የሚሹ ጥቂት ነገሮች አሉ። አንደኛ፣ ማስቲሽና የፖሊስተር ሬንጅ ፖሊስታይሪንን ያሟሙታል፤ ስለዚህ ፖሊዩሪቴን ኮላ ወይም ኤፖክሲ ይመረጥ፤ ቤንዚንም አጠገቡ አይድረስ። ሁለተኛ፣ ፎም ብሎን አይዝም። ማጠፊያ፣ መቀርቀሪያና መታሰሪያ በሚገቡበት ስፍራ ሁሉ ከመጣበቁ አስቀድሞ ፎሙ ተቆርጦ በምትኩ ደረቅ እንጨት ይግባ። ሦስተኛ፣ የተቆረጠው የኮምፔንሳቶ ጠርዝ ሁሉ በኮላና በቀለም ይታተም፤ ውኃ የሚገባው በገጹ ሳይሆን በጠርዙ ነው። አራተኛ፣ ማእዘኖቹ ከውስጥ በእንጨት ዘንግ፣ ከውጭ ኮላ በጠጣ የሸራ ጥብጣብ ይጠናከሩ፤ ግድግዳዎቹ እንደ አንድ ሳጥን የሚሠሩት መገናኛቸው ከጸና ብቻ ነውና። የፊተኛው ጣሪያ ከጋቢናው በላይ ወደ ኋላ ያዘንብል፤ የአየር ተቃውሞ በፍጥነቱ ካሬ መጠን ስለሚጨምር በቀጥታ የቆመ ግንባር ነዳጅ ይበላል።

አስተሳሰሩም ሊታሰብበት ይገባል። የፒክአፕ ጋቢናና የጭነት ሳጥን በሻሲው ላይ ለየብቻቸው የተቀመጡ በመሆናቸው በጎርበጥባጣ መንገድ አንዱ ከሌላው ተለይቶ ይንቀሳቀሳል። ጎጆዋን ከሁለቱም ጋር ያሰረ ግድግዳዋን ሰነጠቀ። ስለዚህ በጭነት ሳጥኑ ላይ ብቻ፣ በጎማ ምንጣፍ ላይ ትቀመጥ፤ ከጋቢናው ቢያንስ 5 ሳንቲ ሜትር ትራቅ፤ በአራት ማእዘን በሚጠብቁ መወጠሪያዎች ትታሰር። በስንጣቂ ፍሬን ጊዜ የሚይዛት የራሷ ክብደት ሳይሆን መታሰሪያዋ ነው። በዚህ ዓይነት የተሠራች ጎጆ ባዶዋን በአራት ሰዎች ትነሣለች። መኪና ውድ በሆነበት አገር ይህ ትልቅ ጥቅም ነው፤ ሐሙስ ማደሪያ የነበረው ፒክአፕ ዓርብ ሲሚንቶ ይጭናል።

በመጨረሻ ከሁሉ የሚበልጠውን ላንሣ። በደንብ የተዘጋች ትንሽ ጎጆ፣ እስትንፋስ ካልተዘጋጀላት፣ ወጥመድ ናት። የሁለት ሰዎች የሌሊት ትንፋሽ ብቻውን ግድግዳውን ለማርጠብ ይበቃል። እርጥበቱ ልብስ ያበላሻል፤ የከሰል ጭስ ግን ሕይወት ያጠፋል። ከከሰል የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ አይታይም፣ አይሸትም፤ የተኛውን ሰው ሳይቀሰቅስ ይገድላል። የደጋው ብርድ ቢበረታ እንኳ ከሰል የያዘ ምድጃ፣ ፍሙ የጠፋ መስሎ ቢታይም፣ ወደ ውስጥ አይግባ። ፖሊስታይሪንም በእሳት ሲያዝ መርዛም ጭስ ይተፋልና ማብሰያው ምንጊዜም ከውጭ ይሁን። አንድ የአየር መግቢያ ዝቅ ብሎ፣ አንድ መውጫ ከፍ ብሎ፣ ሁለቱም በወንፊት ሽቦ ተሸፍነውና ፈጽሞ እንዳይዘጉ ሆነው ይሠሩ። ከበሩ ሌላ ሰው የሚያሾልክ መስኮት ይኑር፤ በሩም ከውስጥ ያለ ቁልፍ የሚከፈት ይሁን። መኪናው በሚሄድበት ጊዜም ማንም በውስጧ አይሳፈር፤ ማደሪያ እንጂ ማመላለሻ አይደለችምና።

ክብራትና ክቡራን፤ ዛሬ የቴክኒክ ዕድገት ሥራችንን አቅልሎልናል። የሊቲየም ብረት ፎስፌት ባትሪ ተመሳሳይ መጠን ካለው የእርሳስ ባትሪ ግማሽ እንኳ አይመዝንም፤ የኤል ኢ ዲ መብራትም ከቁጥር የሚገባ ኃይል አይወስድም። የቀረው የእኛ ድርሻ ነው። መሥሪያ ቤቶቻችን ለመስክ ቡድን መኪና ሲመድቡ ማደሪያውንም አብረው ያስቡ፤ ከተሠራችም በኋላ ጎጆዋ ከነሙሉ ጓዟ፣ ከነውኃዋና ከነሰዎቿ በመንገድ ሚዛን ላይ ትውጣ፤ የፊቱና የኋላው አክስል ለየብቻ ይመዘኑ፤ ቁጥሩም በበሯ ላይ ይጻፍ። ከእኔ በኋላ መሪውን የሚይዘው ሹፌር ስሌቴን አያውቅም፤ በበሩ ላይ የተጻፈውን ቁጥር ግን ያነባል።